የእማማ አህያ ጆሮ

አንድ ጊዜ፣ ስልክም ኢንተርኔትም ባልነበረበት ዘመን፣ የአንድ ጫካ እንስሳት ወሬ የሚለዋወጡት በአህያ ጆሮ ነበር።

እማማ አህያ ከትልቁ ዋርካ ሥር ይቆማሉ። የመጣው ሁሉ ያየውን በጆሯቸው ሹክ ይላቸዋል፤ እሳቸውም ለሚቀጥለው መጪ ያደርሳሉ። ነብር የት እንዳደረ፣ የትኛው ምንጭ እንደደፈረሰ፣ የማን ልጅ ጠፍቶ የማን እንደተገኘ፣ ሁሉም እሳቸው ጋ ነው። ማንም አልቀጠራቸውም፤ ማንም አይከፍላቸውም። «ይኼን የሚያክል ጆሮ ተሰጥቶኝ ምን ልሥራበት ታዲያ!» ብለው ይስቃሉ። አያ ጅቦ እንኳ አይነካቸውም ነበር። ጥንብ የት እንደወደቀ የሚሰማው እዚያው ነዋ!

ከሁሉ ይልቅ ወሬያቸውን የምትጠብቀው ግን ሚዳቋ ነበረች። እግሩ ገና ያልጠና ግልገል አላት። ጠዋት ጠዋት ሣር ውስጥ አስተኝታው ትመጣና፣ «እማማ፣ ነብሩ ዛሬ በየት በኩል ነው?» ትላለች። «በታች በኩል ነው ልጄ፤ አንቺ በላይ በኩል ጋጪ» ይሏታል። ያኔ ነው አንገቷን ደፍታ ሣር መጋጥ የምትችለው።

አንድ ጠዋት ስለ ነብር ብትጠይቃቸው ስለ ምንጭ መለሱላት። ጠጋ ብላ ደግማ ጠየቀች። እማማ አህያ ፈገግ አሉ።

«አየሽ ልጄ፣ ጆሮዬ እየደከመ ነው። ጉልበቴም እንደ ድሮው አያቆመኝም። የተሳሳተ ወሬ ነግሬሽ ልጅሽ ከሚበላ፣ ደህና ሳለሁ ባቆም ይሻላል።»

ወዲያው ሁሉንም አስጠሩ። «ሰብሉ እስኪሰበሰብ አለሁ። ከዚያ ወዲያ በዚህ ቦታ አትተማመኑ። ቀደም ብዬ የነገርኳችሁ እንድትዘጋጁ ነው» አሏቸው።

ጅግራ ማልቀስ ጀመረች። አያ ጅቦ ግን በትከሻው እየገፋ ወደ ፊት መጣ።

«ምን ያስለቅሳል? ዋርካው አለ አይደል እንዴ! ወሬው የሚመጣው ወደ ዋርካው ነው። ዋርካውን ለእኔ ስጪኝና አንቺ ወደፈለግሽበት ሂጂ!»

ቀበሮ ዓይኑን ጠበብ አደረገ። «እውነቱን ነው፤ ዋርካው የሚገባው ለአያ ጅቦ ነው። ሌላ እንዳይቀማው ደግሞ ከሥሩ ባይነሳ ይመረጣል።»

«ሰማችሁ?» አለ ጅብ፣ ምራቁን እየዋጠ። «እኔ እኮ ቀበሮ የሚጠላኝ ይመስለኝ ነበር!»

ጅብ ሰብሉ ሲሰበሰብ ሊረከበው ደስ ብሎት ሲሄድ ቀበሮ ወደቀሩት ዞረ። «የሰጠነው ዛፍ ነው። እኛን ያገናኘን የእማማ ጆሮ ነው፤ ጆሮ ደግሞ ሁላችንም አለን። እያንዳንዳችን ጎረቤታችን የት እንደሚያድርና በምን ድምፅ እንደሚጠራ እንወቅ። ጅግራ ከኮረብታው ላይ ትጩህ፤ ሽኮኮ ከዓለቱ ላይ ይቀበላት፤ ሽኮኮ ለሚዳቋ፣ ሚዳቋ ለእኔ እያላችሁ ቀጥሉ።»

«እሺ!» አሉ ሁሉም። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

እማማ አህያ ግን ሳይሞከር አላመኑም። «ነገ እኔ የለሁም ብላችሁ ዋሉ» አሉና በማግስቱ ሁለቱንም ጆሯቸውን በሣር ወትፈው ቆሙ።

ረፋዱ ላይ ጅግራ ነብሩን አየችው። ወደ ላይኛው ሣር እየወጣ ነው። እየበረረች መጥታ በተወተፈው ጆሮ ሹክ አለችና፣ «እፎይ፣ ተናገርኩ» ብላ ተመለሰች። ሽኮኮም አየው። እሱም እየሮጠ መጥቶ ያንኑ ለሣሩ ነገረው። ሁለቱም ሲመጡም ሲሄዱም ያለፉት በሚዳቋ አጠገብ ነው። «እንደምን አደርሽ» እንኳ ብለዋታል።

ሚዳቋ የነቃችው ነፋስ ሳይኖር ሣሩ ሲነቃነቅ ነው። ግልገሏን በግንባሯ እየገፋች እሾህ ውስጥ ገባች። ነብሩ ዘለለ፤ የጨበጠው ግን ቅጠል ብቻ ሆነ።

ግልገሏን አስከትላ ወደ ዋርካው መጣች። የግልገሏ ጆሮ በእሾህ ተቧጥጧል። ድምፅዋ የማይሰማው ሚዳቋ ያን ቀን ጅግራንና ሽኮኮን አስጠርታ ጮኸችባቸው።

«ያያችሁትን ለማን ነገራችሁ?»

«ለ... ለእማማ» አለች ጅግራ።

«እማማ ጆሯቸውን ደፍነዋል እኮ!»

«ሣሩን አይቼዋለሁ» አለ ሽኮኮ አንገቱን ደፍቶ። «ግን እግሬ ለምዶ ወደዚህ አመጣኝ።»

እማማ አህያ ሣሩን ከጆሯቸው አወጡ። ግልገሉን አሸተቱት። «አትቆጪያቸው ልጄ። ዛሬ ባይሳሳቱ፣ እኔ በሌለሁበት ቀን ይሳሳቱ ነበር። ነገም እወትፋለሁ፤ እስክትለምዱ ድረስ እወትፋለሁ።»

እንዳሉትም አደረጉ። ጅግራ ከኮረብታው ላይ መጮህ ለመደች። ሽኮኮ «ሰማሁ!» ብሎ መመለስ ለመደ፤ «ሰማሁ» ካልተባለ ድጋሚ ሊጮኹ ተስማሙ። ቀስ በቀስ ወደ ዋርካው የሚመጣው ሁሉ ወሬ ይዞ ሳይሆን ለሰላምታ ብቻ ሆነ።

ሰብሉ ተሰበሰበ። በስንብቱ ቀን እያንዳንዱ አንድ አንድ ጉርሻ ለምለም ሣር ይዞ መጣ። ሚዳቋ ከሁሉም ኋላ ቆማ ነበር። ተራዋ ሲደርስ እንዲህ አለች፦

«እማማ፣ ልጄ ለዚህ የበቃው በእርስዎ ጆሮ ነው። ይኼን ሁሉ ዘመን ስመላለስ ‹ነብሩ የት ነው› እንጂ ‹እርስዎ እንዴት አደሩ› ብዬ አላውቅም። ዛሬ ልጠይቅዎ። እንዴት አደሩ?»

እማማ አህያ ጆሯቸውን ወደ እሷ ዘንበል አደረጉ። «እግዜር ይመስገን፣ ደህና አደርኩ» አሉ። ከዚያም ሚዳቋ አጠገብ ካለው መስክ ሊኖሩ አብረዋት ሄዱ።

አያ ጅቦስ? ዋርካው ሥር ተንፈላሰሰ።

«ዋርካ ሆይ፣ ጥንብ የት ወደቀ?» ዝም።

ግንዱን ነከሰው። አሁንም ዝም። ውሎ ሲያድር ሆዱ ጮኸ።

«ገባኝ! ያቺ አህያ ወሬውን በሆዷ ይዛብኝ ሄዳለች! ሆዷን ቀድጄ አወጣዋለሁ!» አለና ተነሳ።

ጅግራ ከኮረብታው ላይ አየችውና ጮኸች። «ሰማሁ!» አለ ሽኮኮ፤ እሱም ተቀብሎ ጮኸ። «ሰማሁ!» አለች ሚዳቋ። እማማ አህያ ግን ምንም ሳይሰሙ አንገታቸውን ደፍተው ይግጣሉ። ሚዳቋ እየሮጠች መጥታ አፏን ከዚያ ካረጀ ጆሮ ላይ ገጠመች።

«እማማ፣ ጅቡ በታች በኩል እየመጣ ነው። እርስዎ በላይ በኩል ይምጡ!»

ግልገሉ ከፊት ከፊት እየመራ ወደ ዓለቱ አወጣቸው። ጅብ ሲደርስ ያገኘው የተጋጠ ሣር ብቻ ነበር። አሽትቶ አሽትቶ ወደ ዋርካው ተመለሰ።

እማማ አህያ ዓለቱ ላይ ሆነው እያለከለኩ ሳቁ። «ስንቱን ወሬ ለስንቱ አደረስኩ! ለእኔ ተብሎ የመጣ ግን ይኼ የመጀመሪያዬ ነው» አሉ።

ከዚህ የምንማረው፣ በዛፍ ጥላ ሥርም ሆነ በስልካችን ውስጥ፣ ሳይከፈላቸው ያገናኙን ደጎች ደክሟቸው ከማቆማቸው በፊት እርስ በርስ የምንፈላለግበትን መንገድ ሞክረን ማዘጋጀት፣ እነሱንም ከዚያ በኋላ «እንዴት አደራችሁ» ማለትን አለመርሳት እንዳለብን ነው።