ከአጥሩ ሥር ያሉ አበቦች

አንድ ሽማግሌ በደን በተከበበ የተራራ መንደር ከምራታቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ስማቸው አያ መንበሩ ነው። ጠዋት ጠዋት ከጓሮው አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ይቀመጡና ማንም ያልዘራቸውን የዱር አበቦች ሲያዩ ይውላሉ። የትኛዋ ንብ ወደ የትኛው አበባ እንደምትሄድ፣ ቢራቢሮዋ ስንት ሰዓት ላይ እንደምትመጣ ያውቃሉ። ጎረቤት ግን «ሰውየው ጃጁ» ይላል። እውነቱን ለመናገር ምራታቸው አትጠገብም እንደዚያው ታስብ ነበር።

አትጠገብ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሦስት ልጆቿን የምትመግበው በጓሮዋ ዱባ ነው። በዚያ ዓመት ትልቋን ልጇን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች እንደሚመጡ መልእክት ደረሳት። በመንደሩ ሽማግሌ ከመግባቱ በፊት ግቢ ይጸዳል፤ አረም የበዛበት ቤት ልጅ ባለሙያ አትባልም። ስለዚህ ማጭዷን አንስታ ከደጃፉ እስከ ደኑ ጫፍ ያለውን አረም ሁሉ ሙልጭ አድርጋ አጨደችው።

«ልጄ፣ ከአጥሩ ሥር ያለውን እንኳ ተዪልኝ» አሏት አያ መንበሩ።

«አባባ፣ በአረም ሊያሰድቡኝ ነው?» ብላ ማጨዷን ቀጠለች።

ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ግቢውን አደነቁ፤ ነገሩም ተቃና። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዱባው ቢጫ በቢጫ ሆኖ አበበ። አበባው ግን ጠውልጎ ይረግፋል እንጂ አንድም ፍሬ አልያዘም። አትጠገብ መጀመሪያ አፈሩን ወቀሰች፤ ቀጥላ የጎረቤት ዓይን ነው አለች፤ በመጨረሻ ሽማግሌው አጠገብ ተቀምጣ አለቀሰች።

«ልጆቼን ምን ላበላ ነው፣ አባባ?»

«እስኪ ዝም ብለሽ አድምጪ» አሏት።

አደመጠች። ግቢው ጭር ብሏል፤ አንዲት ንብ እንኳ አትሰማም።

«ዱባሽ እስኪያብብ ንቦቹ የሚበሉት ያንን አረም ነበር። ሲያጡት ወደ ደኑ ማዶ ሄዱ። በይ ተነሺ፣ የእነሱን ሥራ እኛ እንሠራለን።»

ወንዴውን አበባ ቀጥፈው ቢጫ ዱቄቱን ሴቴዋ አበባ ውስጥ እንዴት እንደሚያስነኩ አሳዩዋት። ጎንበስ ቀና ሲሉ ፀሐይ ከረረች። ግማሹን እንኳ ሳይጨርሱ አበቦቹ ተከደኑ፤ የአትጠገብም ወገብ ተቆረጠ።

«ይህን ሁሉ ንቦቹ በየቀኑ ይሠሩት ነበር?»

«ያውም ሳንጠራቸው።»

አትጠገብ ጉልበታቸውን ሳመች። «ይቅር ይበሉኝ አባባ፤ እኔ እኮ ሥራ የፈቱ መስሎኝ ነበር።»

በየጠዋቱ እየተጉ ጥቂት ዱባ አተረፉ፤ ልጆቹም ጦም አላደሩም። በሚቀጥለው ክረምት አረሙ ተመልሶ ሲያብብ ማጭድ አልነካውም። ያኔ የአያ መንበሩ ዓይን ደክሞ ስለነበር አትጠገብ አጠገባቸው መቀመጥ ጀመረች።

«ዛሬ ማን መጣ?» ይሏታል።

«ያቺ ትንሿ ጥቁሯ፣ አባባ። ወይን ጠጁ አበባ ላይ አርፋለች።»

እሳቸውም ልክ እንደሚያዩ ሰው ፈገግ ይላሉ።

ወዳጆቼ፣ በማዕዳችን ላይ ስማቸውን የማናውቃቸው የብዙዎች ድካም አለበት። ምንም አይጠቅሙም ብለን ከመቁረጣችን በፊት ቁጭ ብለን እንያቸው፤ ዝም ብለው የሚያዩትንም አንናቅ። ለመሆኑ እርስዎ ለሰው ዓይን ብለው ያጨዱት ማንን ነው?