ምስጥ ያልነካው ጣራ

ተረት ተረት፣ የጭሳም ቤት።

አንዲት ዶሮ ምድጃ ዳር ስድስት ጫጩቶች ፈለፈለች። ክረምት ነበርና እርጥብ እንጨት በተማገደ ቁጥር ቤቱ በጭስ ይታፈናል፤ ጫጩቶቹም ማሳል ጀመሩ። በጣራው ሣር ውስጥ የሚኖር አይጥ አዘነላትና፣ «እመት ዶሮ፣ ሣሩን በስቼ ጭሱን ላስወጣልሽ?» አላት።

ዶሮ ተቆጣች። «አንተ ከማፍረስ ሌላ ምን ታውቃለህ? ጣራችንን ከምስጥ የጠበቀልን ጭሱ ነው። እናቴም እኔን ያሳደገችኝ በዚሁ ቤት፣ በዚሁ ጭስ ነው።»

«እህት ወንድሞችሽስ?» አላት አይጥ።

«እነሱማ እግዜር ዕድሜ አልሰጣቸውም።»

አይጥ ወደ ሣሩ ተመለሰ።

መስከረም ሲጠባ ከስድስቱ አንድም አልቀረላትም። ዶሮ አንጋጣ ጣራውን አየችው፤ ምስጥ ዝር አላለበትም።

ተረቴን መልሱ፣ ዓይናችሁን አብሱ።