ጡጦው መደርደሪያው ላይ ነው

አንዲት ሴት ነበረች። እንደ እናንተው እሑድ የማትቀር፣ አሥራቷን የማታጓድል። የሕፃናት ዕቃ ቤቷ ደርድራ በኢንተርኔት ትሸጣለች።

ሱቁን የከፈተች ዕለት የመሸጫው ገጽ ጠየቃት፤ ማድረሻ ስንት? ትንሹ ትዕዛዝስ ከስንት ይጀምር? አሰበችና ሞላች። ብዙ ለገዛ፣ የትም ቢሆን በነፃ። ከሦስት ሺህ ብር በታች ከሆነ ግን ትዕዛዙ አያልፍም። ለአንዲት ጡጦ ማን ሞተር ያስነሣል? ነዳጁ ውድ ነው። እዚህ ላይ ቢያበቃ ማን ይፈርድባት ነበር?

አንድ ቀን ስልኳ ጮኸ። እታገኝ የምትባል አራስ ናት፣ ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም።

«እህቴ፣ ልጄ ላንቃው ክፍት ሆኖ ተወለደ። ጡት መሳብ አልቻለም። ሐኪሙ ያዘዘው፣ በእጅ እየተጫኑ የሚያጠቡበት ጡጦ አንቺ ጋ ብቻ ነው የተገኘው። ገጹ ግን እምቢ አለኝ።»

«ሂሳብሽ አልሞላማ! ሌላ ነገር ጨምሪበት። ጋሪ አለ፣ ገንዳ አለ…»

«የሚጠባበት ያጣ ልጅ በጋሪ የት ይሄዳል? እሺ፣ ራሴ መጥቼ ልውሰደው።»

«ቤቴ ነው እኮ፣ ሰው አላስተናግድም። ምን ላድርግሽ የኔ እናት፣ ሲስተሙ አይቀበልም።»

ዘጋችው።

ሲስተሙ! ሲስተሙ ማነው? ቁጥሩን የጻፈው የማን ጣት ነው?

በዚያው ቀን ዕቃ የሚያደርስላት ሞተረኛ ኮዬ ፈጬ ሄዷል። ለአንድ ነጋዴ ቤት ጋሪና መጫወቻ ጭኖ፣ በነፃ፣ በእታገኝ ደጅ አልፎ!

እሑድ መጋቢው፣ «መጥባት አቅቶት ሆስፒታል ለገባ ሕፃን እንጸልይ» አሉ። ሴትየዋ ብድግ አለች። ከጉባኤው ሁሉ በላይ ጮኸች። «ጌታ ሆይ፣ ለዚህ ሕፃን ድረስለት! ዛሬውኑ ድረስለት!» እንባዋ ወረደ። ልቧንም ሞቅ አላት። እንዴት ያለች አማኝ ነኝ ሳትል አልቀረችም።

ከኋላዋ የነበረች፣ ጸሎቱን የጠየቀችው እናት ዓይኗን ገለጠች። ይህን ድምፅ በስልክ ታውቀዋለች። ትከሻዋን ነካ አደረገቻት።

«እህቴ፣ እታገኝ ነኝ። ጸሎቱን ተይውና ጡጦውን አምጪልኝ።»

የተነሣው እጅ አየር ላይ ቀረ። «ሲስተሙ…» ልትል አፏን ከፈተች።

እናንተስ? አትሣቁ! ሱቅ የለንም ብላችሁ በእፎይታ አትቀመጡ። ባለመኪናው ሲያስነጥሰው ከከተማ ዳር እስከ ከተማ ዳር ትበራላችሁ፤ ያውም በነፃ። የዘበኛችሁ ሚስት ስትወልድ ግን «ሩቅ ነው»፣ «ቀኑ አልተመቸም»። ሰው ለሰላምታችሁ እንኳ ስንት መሙላት አለበት? እግዚአብሔር «ሂሳብሽ አልሞላም፣ ሂሳብህ አልሞላም» እያለ ቢመልሳችሁ ኖሮ፣ ከእነዚህ ወንበሮች ላይ ማን ይገኝ ነበር?

ስለዚህ ዛሬ መዝጊያ ጸሎት የለም። እጃችሁን አውርዱ። ቤታችሁ ሂዱ፣ መደርደሪያችሁን እዩ። ልጁ አሁንም አልጠባም።