አስካል ኮሌጁን ማየት ፈለገች

ተረቴ በክረምት፣ ጭቃ ለጭቃ መጣች። እግሯን ጠርጋ ትግባ፤ እናንተም ጠጋ ጠጋ በሉላት።

አስካል የምትባል ልጅ ነበረች። አንድ እግሯ ከሕፃንነቷ አልታዘዝ ብሏት በምርኩዝ ትሄዳለች። ፈተናውን አልፋ፣ የምትገባበትን ኮሌጅ እስከ ዓርብ ምረጪ ተባለች። ያማራት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኮሌጆቹን አስቀድማ ማየት። መኝታው ፎቅ ላይ ነው ወይስ ምድር ቤት? የሚገባው በደረጃ ነው ወይስ በደልዳላ? ሳታውቅ መርጣ ደረጃ የበዛበት ከደረሳት፣ ትምህርቷ ከደጅ ይቀራል። ሄዳ እንዳታይ አገሩ ሩቅ ነው፤ ድልድዩንም ጎርፍ ወስዶታል።

«በስልክ ይታያል እኮ፣ እማ» አለች።

«እንግዲያው ይታያ» አለች እናቷ ይርገዱ።

ስልኩ ግን «እዚህ ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ የለኝም፤ ዳገቱ ጫፍ ካላወጣችሁኝ አላሳይም» አለ። ይርገዱ ብቻዋን ይዛው እንዳትወጣ፣ ስልክ ከፍታ ኮሌጅ መፈለጉን አታውቅበትም።

ዳገቱም «እኔ ጭቃ ነኝ። በምርኩዝ የመጣ ይወድቃል፤ በአራት እግር ካልሆነ አላስወጣም» አለ። ዳገቱ አላስወጣ፣ ስልኩ አላሳይ፣ አስካል ኮሌጁን ሳታይ ዓርብ ቀረበ።

ይርገዱ ወደ ወንድሟ ወደ ጫኔ ቤት ሄዳ በቅሎውን ለመነች። «በቅሎ፣ በቅሎ፣ ልጄን ተሸከሚልኝ፤ ዳገቱ አላስወጣ አለ፣ ስልኩ አላሳይ አለ፣ አስካል ኮሌጁን ማየት አማራት።»

በቅሎዋ ጆሮዋን ጣለች። «ኮርቻዬን አይጥ በላው። ያለ ኮርቻ አልሸከምም።»

«እውነቷን ነው» አለ ጫኔ። «ደህና ኮርቻ ያለው እትዬ ማንጠግቦሽ ቤት ነው፣ የሟቹ ልጇ ኮርቻ። ግን አንቺ በምን ፊትሽ ትሄጃለሽ?»

ይርገዱ አንገቷን ደፋች። የማንጠግቦሽ ልጅ አለልኝ አምና ሲሞት፣ እሷ አስካልን ይዛ ጠበል ነበረች። ተመልሳም ለቅሶ አልደረሰችም። ዛሬ ነገ ስትል ሰነበተ፤ ሲሰነብት አፈረች፤ ስታፍር ጭራሽ ቀረ።

የሆነው ይሁን ብላ ሄደች። ኮርቻው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። «ኮርቻ፣ ኮርቻ፣ ውረድልኝ፤ በቅሎዋ አልሸከም አለች፣ ዳገቱ አላስወጣ አለ፣ ስልኩ አላሳይ አለ፣ አስካል ኮሌጁን ማየት አማራት።»

«እመቤቴ ካላወረደችኝ አልወርድም» አለ ኮርቻው።

ማንጠግቦሽ ከመደቧ ሳትነሣ፣ «ማን ናት? ይርገዱ? ዝናቡ አባሮሽ ነው እንጂ፣ እኔን ብለሽስ አልመጣሽም» አለች።

«እትዬ፣ ኮርቻው አልወርድ አለ፣ በቅሎዋ አልሸከም አለች፣ ዳገቱ አላስወጣ አለ፣ ስልኩ አላሳይ አለ፣ አስካል...»

«ልጄን ላላለቀሰ ኮርቻ አልሰጥም።»

ይርገዱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀመጠች። እንባዋን ና ብትለው፣ እንባዋም «ለኮርቻ ብዬ አልፈስም» አለ። እንባው አልፈስ፣ ማንጠግቦሽ አልሰጥ፣ ኮርቻው አልወርድ፣ በቅሎዋ አልሸከም፣ ዳገቱ አላስወጣ፣ ስልኩ አላሳይ፤ ቤቱ ጨለም አለ፣ ዝናቡም አላባራ።

ይርገዱ በልቧ «አቤቱ ይቅር በለኝ» ብላ ልመናዋን ተወችው። ልትነሣ ስትል ከኮርቻው ሥር የአለልኝን ጫማ አየች፤ የወንዙ አሸዋ እንደ ደረቀበት አለ።

«እትዬ፣» አለች፣ «አስካል ትንሽ ሳለች፣ ትምህርት ቤት ስትሄድ ወንዙን አዝሎ ያሻግራት ነበር። ‹አንገቴን አትነቂኝ፣ አንቺ ጦጢት!› እያለ።»

«ጦጢት» አለች ማንጠግቦሽ። «ጦጢት ነበር የሚላት።»

ያን ጊዜ እንባው ማንም ሳይጠራው ፈሰሰ። ሁለቱ እናቶች አንገት ለአንገት ተቃቅፈው አለቀሱ። እንባው ቢፈስ ማንጠግቦሽ ተነሣች፤ ማንጠግቦሽ ብትነሣ ኮርቻው ወረደ፤ ኮርቻው ቢወርድ በቅሎዋ ተሸከመች፤ በቅሎዋ ብትሸከም ዳገቱ አስወጣ፤ ዳገቱ ቢያስወጣ ስልኩ አሳየ፤ ስልኩ ቢያሳይ አስካል ኮሌጆቹን አየች።

የመጀመሪያው በሩ ያማረ፣ አበባው የፈካ ነው። ከአበባው ጀርባ ግን ደረጃ፣ በደረጃው ላይ ደረጃ። አስካል አለፈችው። ሌላው ቆርቆሮው የዛገ፣ አበባም የሌለው፤ ከበሩ እስከ መኝታው ግን ደልዳላ ነው።

«ይኸኛው» አለች።

«ሩቅ ነው?»

«ከሁሉም ሩቁ እሱ ነው፣ እማ።»

ይርገዱ አማተበች። ማንጠግቦሽ የበቅሎዋን ልጓም ይዛ አብራቸው ወጥታ ነበር። ቁልቁለቱን ሊጀምሩ ሲሉ የኮርቻውን ማሰሪያ አጥብቃ፣ በእጇ ዳበሰችው።

«ያዝ አድርጋት፣ አለልኝ» አለች።

ተረቴም ዳገቱን ወረደች። እናንተም ያልደረሳችሁት ለቅሶ ካለ፣ ኮርቻ ሳያስፈልጋችሁ ድረሱ።