ለድረ ገጹ የጎደለችው ወንበር

እስቲ ቀረብ በሉና ጆሮ አውሱኝ። ፒያሳ ውስጥ ምንታምር የምትባል ድረ ገጽ ሠሪ ነበረች። ሦስት ዓመት ሙሉ የለፋችበት ድረ ገጽ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣውን ዘመናዊ የቤት ዕቃ ንድፍ ታሪክ ያሳያል። ወንበሩን በጣት ነካ ሲያደርጉት ይዞራል፤ ደግመው ሲነኩት እግሩ፣ መደገፊያው፣ ማጋጠሚያው አንድ በአንድ ይፈታል። የዴንማርኩ አለ፣ የጣሊያኑ አለ፣ የብራዚሉም አለ። የአዲስ አበባው ገጽ ግን ባዶ ነው። ምርቃቱ ደግሞ ቅዳሜ ነው። ምንታምር የቸገራት አንዲት ወንበር ብቻ ነች።

ወንበሯንስ አገኘቻት። ሦስት እግር ያላት የዋንዛ ወንበር፣ ጸጉር አስተካካዩ አቶ ደስበለው ቤት ተረኛ ይቀመጥባታል። ማን እንደሠራት የሚያውቅ የለም።

«ፎቶ ላነሳት ነው፤ ለሁለት ቀን ቢሰጡኝ?»

«ተረኛው ቆሞ ይጠብቅ? አግዳሚ አምጪና ውሰጂያት» አሏት።

በቃ፤ አግዳሚ ካልመጣ ወንበሯ አትለቀቅ፣ ወንበሯ ካልተለቀቀች ገጹ አይሞላ።

ጎረቤት ወዳሉት ልብስ ሰፊ፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ዘንድ ሄደች። አግዳሚያቸው በዩኒፎርም ጨርቅ ተቀብሯል።

«ውሰጂው የኔ ልጅ፤ ጨርቁን ግን መሬት ላይ ልዘርግፈው? መጀመሪያ መደርደሪያ ፈልጊልኝ።»

እንግዲህ መደርደሪያ ከሌለ አግዳሚው ባዶ አይሆን፣ አግዳሚ ካልመጣ ወንበሯ አትለቀቅ፣ ወንበሯ ካልተለቀቀች ገጹ አይሞላ።

ወደ አሮጌ መጽሐፍ ሻጩ ወደ አቶ ሙዘይን ሮጠች።

«ባዶ መደርደሪያማ አለኝ» አሉ። «ግን የሱቄ በር አብጦ አልዘጋ ስላለኝ የምደግፈው በሱ ነው። በሩን አሠሪልኝና ተሸክመሽው ሂጂ።»

አሁንማ በሩ ካልተዘጋ መደርደሪያው አይነሳ፣ መደርደሪያ ከሌለ አግዳሚው ባዶ አይሆን፣ አግዳሚ ካልመጣ ወንበሯ አትለቀቅ፣ ወንበሯ ካልተለቀቀች ገጹ አይሞላ!

የሰፈሩ አናጺዎች ሁሉ «ሥራ በዝቶብናል» አሏት። የቀሩት ጋሽ ዘርጋው ብቻ ናቸው። ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«መላጊያዬን ከሰቀልኩ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው» አሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ ስሠራ አንድ ሰው ‹ይኼን ማን ሠራው?› ብሎ ጠይቆ አያውቅም። አልነሳም!»

ጋሽ ዘርጋው ካልተነሱ በሩ አይዘጋ፣ በሩ ካልተዘጋ መደርደሪያው አይነሳ፣ መደርደሪያ ከሌለ አግዳሚው ባዶ አይሆን፣ አግዳሚ ካልመጣ ወንበሯ አትለቀቅ፣ ወንበሯ ካልተለቀቀች ገጹ አይሞላ!

ምንታምር አጠገባቸው ዘፍ አለች። የሦስት ዓመት ልፋት በአንድ በር ሊቀር ነው። መለመኛ ቃል ስታጣ ስልኳን አውጥታ ድረ ገጹን ከፈተችላቸው። ጋሽ ዘርጋው ሻካራ ጣታቸውን ዘረጉ። የዴንማርኩ ወንበር ዞረ። ደግመው ነኩት፤ ተፈታ።

«እንዲህ ነው ለካ የሚያጋጥሙት!» አሉና ሳቁ። «የኛስ የታለ?»

«ባዶ ነው ጋሼ። ጸጉር ቤት ያለችውን ባለ ሦስት እግር ላስገባ ነበር፤ ግን ሠሪዋም አይታወቅ።»

ሽማግሌው ጣታቸውን ከስልኩ ላይ አነሱ። «ከመቀመጫዋ ሥር በምስማር የተመቱ ሦስት ነጥቦች አሉ?» አሏት።

«አላየሁም።»

«ሂጂና ገልብጪያት።»

በረረች። ገለበጠቻት። ሦስት ነጥብ! ስትመለስ ጋሽ ዘርጋው መላጊያቸውን ይዘው ቆመዋል።

«በሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው የሠራኋት» አሉ። «በይ፣ ያ በር የት ነው?»

ከዚያማ ምን ይጠየቃል! ጋሽ ዘርጋው ተነሱ፣ በሩ ተላገ፣ በሩ ተዘጋ፣ መደርደሪያው ተነሳ፣ ጨርቁ ተደረደረ፣ አግዳሚው ባዶ ሆነ፣ ተረኛው ተቀመጠ፣ ወንበሯ ተለቀቀች፣ ገጹም ሞላ!

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። የመጀመሪያው ነኪ ጋሽ ዘርጋው ነበሩ። ወንበሯ በትልቁ ስክሪን ላይ ዞረች፣ ተፈታች፣ ተገጠመች፤ ከሥሯም «ሠሪ፦ ዘርጋው አበጋዝ፣ አዲስ አበባ» የሚል ወጣ። ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። አቶ ደስበለው ከኋላ «እኔ ቤት ነው የነበረችው!» እያሉ ይጮኻሉ።

ጋሽ ዘርጋው ስማቸውን ቀስ ብለው አነበቡና ወደ ምንታምር ዞሩ።

«ልጄ፣ አንዴ ልድገማት?»

«እስኪበቃዎ ጋሼ!»

የኔ ወሬ እዚህ ላይ አለቀ፤ እሳቸው ግን ገና እያዞሯት ነው።