የጓደኛዬ ጠመንጃ

አንድ እንዳላማው የሚባል የገበያ ዘበኛ ነበር። ከዘበኞቹ ሁሉ በመሣሪያ አያያዝ የሚመካው እሱ ነበር። ባልንጀሮቹ ተኩሰው ጠመንጃቸውን ሳይወለውሉ ካስቀመጡ፣ ብረት እንደ ጥርስ ነው፣ ካልፋቁት ይበሰብሳል እያለ ይገሥጻቸዋል። በተለይ የተጣበቀ ነገር በሚስማር የሚፈለቅቅን ሰው፣ «መሣሪያውን ቀበረው» ነበር የሚለው። ምክሩ ሁሉ ትክክል ነበር። የጎደለው አንድ ነገር ቢኖር መካሪው ራሱ አለመስማቱ ነው።

ሚያዝያ ላይ በአጎቱ ልጅ ሠርግ ሰባት ጥይት ወደ ሰማይ ለቀቀና፣ ነገ እወለውለዋለሁ ብሎ ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ነገ ሌላ ነገን እየወለደ ክረምቱ ገብቶ ወጣ። መስከረም ላይ የዘበኞች አለቃ ትእዛዝ አስነገሩ። በመጪው ቅዳሜ እያንዳንዱ ዘበኛ በፊታቸው አምስት ጥይት በተከታታይ ይተኩሳል፤ መሣሪያው እምቢ ያለው ጠመንጃውንም ሥራውንም ያስረክባል።

እንዳላማው ሰኞ ዕለት ወንዝ ዳር ወርዶ ሞከረ። የመጀመሪያው ጥይት ጮኸ፤ ሁለተኛው የለም። ባሩዱ ሲነድ የሚወጣው ጋዝ ከአፈሙዙ በላይ ባለው ትንሽ ቱቦ ውስጥ ያለችውን ፒስተን የምትባል የብረት ዘንግ ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ባዶው ቀለህ እንዲወጣና ጠመንጃው ቀጣዩን ጥይት እንዲጎርስ ማድረግ ነበረበት። ፒስተኗ ግን በጥላሸትና በዝገት ቱቦው ውስጥ ተጣብቃ ቀርታለች። ቱቦውን ነቅሎ ሳባት፤ እምቢ አለች። ቅቤ አቅልጦ አፈሰሰባት፣ እሳት ላይ አሞቃት፤ ይብሱን ጠበቀች። በመጨረሻ በጎኗ ቀጭን ሚስማር አስገብቶ ሊፈለቅቃት ሲታገል የሚስማሩ ጫፍ ቀጭ አለና ውስጥ ቀረ።

በማግሥቱ ጠመንጃውን በጋቢ ጠቅልሎ ሁለት ኮረብታ ተሻግሮ አያ ቢተው ዘንድ ሄደ። አያ ቢተው በአገሩ የታወቁ ጠመንጃ ጠጋኝ ናቸው። እንዳላማው የሚናገረውን መንገድ ላይ ሲያጠና ስለነበር ሰላምታው ሳያልቅ፣ «የጓደኛዬ ነው» አለ።

ሽማግሌው ቱቦውን አገላብጠው ካዩ በኋላ ጓደኛው ከተኮሰ ወዲህ ወልውሎት እንደሆነ ጠየቁ። እንዳላማው የወለወለው እንደሚመስለው ተናገረ።

«መምሰልማ ብረት አያላቅቅም» አሉ። «ሂድና ጠይቀው።»

ምን ያድርግ? ወጣና ከአንድ ሾላ ኋላ ተቀመጠ። ጠንቃቃ ሰው ነውና የጓደኛውን ቤት ርቀት በሐሳቡ ለካ፤ ደርሶ መልሱን ግማሽ ሰዓት አደረገው፤ ግማሽ ሰዓቱንም ሳያጓድል ቁጭ ብሎ ጨረሰ። ከዚያም እንደደከመው ሰው እያለከለከ ተመልሶ፣ ጓደኛው ክረምቱን ሙሉ እንዳልወለወለው አስረዳ። ሽማግሌው ደግሞ ምን እንደቀባው ማወቅ ፈለጉ። እንዳላማው እንደገና ወጣ። አሁን ግን ካፊያ ስለጀመረ ቶሎ ተመለሰና ጓደኛውን መንገድ ላይ እንዳገኘው፣ የቀባውም ቅቤ እንደሆነ ተናገረ።

«ደግ ጓደኛ ነው፤ ሲፈለግ አይጠፋም» አሉ አያ ቢተው። «ለመሆኑ ሊያወጣት ሲል በምን ነካት?»

በዚህ ጊዜ እንዳላማው ለመውጣትም አልተነሣ። ቅቤው ቢያስቅ ይሳቅበት፤ የሚስማሩ ነገር ግን ከተሰማ ሌሎቹን የገሠጸበት አፉ ምን ይባላል?

«በእጁ ብቻ» አለ።

«ጠንቃቃ ሰው ነዋ» አሉ ሽማግሌው። ከተነገራቸው የተረዱት ጥላሸት፣ ዝገትና ቅቤ ብቻ ነበር። እነዚህን የሚያላቅቀው ላምባ ነውና ቱቦውን ላምባ በሞላ ጣሳ ውስጥ ነክረው ዓርብ እንዲመጣ ነገሩት።

ዓርብ ጠዋት ላምባው እንደ ቀለም ጠቁሯል። ሽማግሌው ቱቦውን አውጥተው በእንጨት መታ መታ አደረጉና ፒስተኗን ሳቡ። ንቅንቅ አላለችም። ደጋግመው ሞከሩ፤ ያው ነው። አያ ቢተው ቱቦውን በብረት መቆንጠጫው በሞርሳ አሰሩና የብረት መጋዝ አነሡ።

«የነገርኸኝ ነገር ሁሉ ለቋል» አሉ። «እንግዲህ የቀረው ብረቱ ራሱ ተጣሞ ቢሆን ነው፤ ቱቦው መቆረጥ አለበት። ለዚህ ጠመንጃ ሌላ ቱቦ በዚህ አገር አይገኝም። ይፈቅድ እንደሆነ ጓደኛህን ጠይቀው።»

እንዳላማው እስከ በሩ ሄደና ቆመ። ዛሬ ቢናገር የሚስቅበት አንድ ሽማግሌ ነው። ዝም ቢል ነገ ገበያው በሙሉ ይስቃል፤ ሥራውም ይሄዳል። ሒሳቡ ቀላል ነበር። ያስቸገረው አፉ ነው።

«አያ ቢተው፣ ጓደኛዬ ሚስማር ሰብሮባታል» አለ።

«መቼ ነገረህ? ገና ከበሩ አልወጣህም እኮ።»

«ጓደኛ የለም። ጠመንጃውም የኔ ነው፤ ሚስማሩም የኔ ነው።»

ሽማግሌው መጋዙን አስቀመጡ። አንገታቸው ላይ ከተንጠለጠለው ማተብ ወረንጦአቸውን ፈትተው፣ ቱቦውን ወደ ብርሃን አንሥተው ትንሽ ጎረጎሩና የስንዴ ቅንጣት የምታህል የሚስማር ስባሪ መዘው አወጡ። ቱቦውን ዘቅዘቅ ሲያደርጉት ፒስተኗ በገዛ ራሷ መዳፋቸው ላይ ወደቀች።

«ሦስት ቀን ሙሉ ላምባ ያጠጣሁት ውሸትህን ነው» አሉት።

ቅዳሜ ዕለት ጠመንጃው አምስቱንም ጥይት ያለ እንከን ተኮሰ። አለቃው እንደ ልማዳቸው፣ መሣሪያው ከዚህ በፊት ተበላሽቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቁ። አያውቅም ቢል ማንም አይደርስበትም ነበር። እንዳላማው ግን ሠርጉንም ክረምቱንም ቅቤውንም ሚስማሩንም በተራ ተናገረ። ባልንጀሮቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አለቃው ሥራውን አልነጠቁትም፤ ነገር ግን ለሦስት ወር አቧራው ዓይን ወደማያስገልጠው የከብት ተራ አዛወሩት። እዚያም በሬ ሻጮቹ ሳይቀሩ «ሚስማሩ» እያሉ ይጠሩታል፤ እሱም አቤት ይላል።

ጠመንጃውን ለመጋዝ ያደረሰው ስንፍናው ብቻ ቢሆን ኖሮ ላምባው በበቃው ነበር። ሐኪም ዘንድ፣ ዳኛ ዘንድ፣ ሽማግሌ ዘንድ ስንሄድ ብዙዎቻችን የሚያስቀውን ጥፋት ነግረን የሚያሳፍረውን እናስቀራለን። ባለሙያው ደግሞ የነገርነውን አምኖ ይሠራል፤ ባልነገርነውም ምክንያት ደህናውን ሊቆርጥ መጋዝ ያነሣል። እጁ አልሳተም፤ የጎደለው ከእኛ ነው።

እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፦ በቅርቡ ምክር ፈልገን በሄድንበት ቤት፣ ሳንናገር ይዘነው የተመለስነው የትኛውን ስባሪ ነው?