የከንቲባው ኮርቻ

በአንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ ከንቲባ አስረግደው የሚባሉ ባለሥልጣን ነበሩ። ሐኪማቸው ስፖርት ይሥሩ ስላላቸው ብስክሌት ገዙ። ነገር ግን ገና ገበያውን ሳያልፉ መቀመጫቸውን አመማቸውና ብስክሌት ከምትጠግን አንዲት ሴት ሱቅ ጎራ አሉ።

«ለእኔ የሚመች ኮርቻ ሥሪልኝ» አሏት።

«እሺ ጌታዬ። ኮርቻ የሚመቸው ግን በሰውነት ልክ ሲሠራ ነው። እስቲ እዚህ ካርቶን ላይ ቁጭ ይበሉና ልለካዎት» አለቻቸው።

«እኔ መቀመጫዬን በሰው ፊት አላስለካም! ሰፊና ለስላሳ አድርጊው፤ ለማዕረጌ የሚመጥን ይሁን።»

እንደታዘዘችው ሰፊ አድርጋ፣ ስፖንጅ ሞልታ ሰጠቻቸው። ጭናቸውን ላጠው። ጠባብ ቢያሠሩ ደግሞ ባሰባቸው። በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ደንብ አስከባሪዎች አስከትለው፣ እያነከሱ መጡ። የሰፈሩ ሰው ተሰበሰበ።

«አሁን በሰው ሁሉ ፊት ተናገሪ፤ ጥፋቱ የማን ነው? የኮርቻው ነው ካልሽ ሙያ የለሽምና ሱቅሽ ይታሸጋል። የእኔ መቀመጫ ነው ካልሽ ባለሥልጣን ሰድበሻልና ትታሰሪያለሽ!»

ሴትዮዋ ደነገጠች። ሆኖም ግሪስ የነካ እጇን በጨርቅ ጠራርጋ እጅ ነሳች።

«ክቡር ከንቲባ፣ ጥፋቱ የኮርቻውም የእርስዎም አይደለም፤ የልማድ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የተቀመጡት በሕዝብ ጫንቃ ላይ ነው። እንደዚያ የሚመች ኮርቻ እኔ ከየት ላምጣልዎት?»

ቀድመው የሳቁት ደንብ አስከባሪዎቹ ነበሩ። ከንቲባውም ብስክሌታቸውን እየገፉ በእግራቸው ተመለሱ።